ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት

ግንቦት 3

ቀኑን ሙሉ ለመርከብ በሚያበራው ማማ ሥር ያለውን የመብራት ጠባቂ ወጥ ቤት ግድግዳ ስፍቅ ዋልኩ። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ሰባት ድርብ ቀለም... ከሥር ነጭ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ የመንግሥት አረንጓዴ፣ አምስተኛው ላይ የእማዬ ቢጫ። ሁሉንም በደብተር መመዝገብ አለብኝ፤ ማማውን የሚያድሰው ማኅበራችን ያለ መዝገብ አንዲት ቅራፊ አያስነካም። ቢጫው ላይ ስደርስ ግን እርሳሱን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። የተወለድኩበት ቤት ነው፤ መብራት ጠባቂው አባቴ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ለካ እናት በዚህም ዕድሜ ትናፍቃለች።

ግንበኛው ድዌን ሥጋ የታሸገበትን ፓስቲውን እየገመጠ «አውኔ፣ ግድግዳውን እየፋቅሽው ነው ወይስ እያባበልሽው?» አለኝ።

ግንቦት 10

ስብሰባ። ሊቀመንበራችን ሎሬታ ወረቀቱን አነበበች። ማማውም ቤቱም ልክ በ1908 እንደነበሩ ሆነው ነው የሚታደሱት። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ሁሉ ይነሳል፤ የገንዘብ ድጋፉ ውል እንደዚያ ይላል። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ደቡብ መስኮት በጡብ ይደፈናል።

የእማዬ መስኮት...

«አባቴ ነው የከፈተላት» አልኩ። የቤቱ መስኮቶች ሁሉ የሚያዩት ሱፒሪየር ሐይቅን ነው፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። ያ ብቻ ነው መንገዱን የሚያየው። እማዬ ከተሜ ነበረች፣ ሰው ትወዳለች። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ጀልባ ብቅ ሲል ቁም ሳጥኑን እየገፋን እንጋርደው ነበር፤ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ነዋ።

«ችግሩ እኮ እሱ ነው» አለች ሎሬታ። «ስለደበቃችሁት በአንድም ሰነድ ላይ የለም። ገንዘብ ሰጪዎቹ ቤቱ ባዶውን በነበረ ጊዜ ጎረምሶች ሰብረውት ነው ይሉናል። ማስረጃ አምጪ፣ ይቆይ አይቆይ ብለን ድምፅ እንሰጥበታለን። እማኝ አምጪ።»

እማኝማ እኔ አለሁ። አልበቃም?

ግንቦት 11

ሦስት ካርቶን ፎቶ በረበርኩ። ማማው... ማማው... አሁንም ማማው። እማዬ አንዱም ላይ የለችም። ለካ ፎቶ አንሺዋ እሷ ነበረች።

ግንቦት 17

ድዌን የመስኮቱን ዳር በባትሪ እያየ ብዙ ቆየ።

«አባትሽ ባለ ሙያ ነበር አላልሽም?»

«ነበር።»

«ይሄን እሱ አልሠራውም። ጡቡ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የተቀጠቀጠው። እልህ እንጂ ሙያ የለበትም። መቃኑ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ።»

ተናደድኩበት። አንተ ሽማግሌ ምን ታውቃለህ ብዬው ወጣሁ። በአሥር ዓመት ያንሰኛል።

ግንቦት 19

ሁለት ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሬይኖ ጋ ደወልኩ። ወንድሜ ዱሉዝ ከተማ ነው የሚኖረው፣ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ስለዚያ ቤት ማውራት አይወድም። መስኮቱን ማን ነው የከፈተው አልኩት።

«ሚጡ... አባዬ አይደለም። እማዬ ናት።»

አባዬ ለሳምንት ከተማ ሄዶ ነበር አለ። መጋቢት ነው፣ በረዶው አልለቀቀም። «አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። የዓሣ አጥማጆቹን የበረዶ መስበሪያ ብረት ይዛ ገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ቀጠቀጠች። አላለቀሰች፣ አላወራች። እኔ ስብርባሪውን በባልዲ አወጣለሁ። አባዬ ሲመጣ ቀዳዳውን አየ፣ እሷን አየ። ‹ብርድ ያስገባል› አለ፣ በቃ። በማግሥቱ መቃን ሠራላት።»

«እስከ ዛሬ እንዴት አትነግረኝም?»

«የአባዬን ታሪክ እንዲያ እየወደድሽው... ልቀማሽ?»

«መሄድ ትፈልግ ነበር?»

«በየቀኑ።»

ግንቦት 20

ስናፍቃት የኖርኩት የማላውቃትን ሴት ነው ማለት ነው?

ሰኔ 7

ስብሰባ። የሬይኖ የምስክርነት ደብዳቤ ተነበበ። ድዌን ስለ ጡቡ ተናገረ (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ቡና እስከገዛሽልኝ ድረስ ሽማግሌ በይኝ ይላል)። ከዚያ እኔ ተነሳሁ።

ሎሬታ ቀስ ብላ «አውኔ፣ እናትሽ ይሄን ማማ ትጠላው ነበር እያልሽን ነው?» አለች።

እኔን ጨምሮ ሰባት ነን። ቅዳሜያችንን ሁሉ ለዚህ ማማ የሰጠን ሰዎች። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ» አልኩ። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አባዬን የከዳሁት መሰለኝ።

አመኑኝ። አንድም የተጠራጠረ የለም። ግን ውል ውል ነው፤ አራት ለሦስት ተሸነፍኩ። ሎሬታ እጇን ያወጣችው ከእኔ ጋር ነው። አልጠበቅኩም።

ሰኔ 8

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። አልሰጠሁም።

ነሐሴ 2

ተደፈነ። ድዌን በኖራ ነው የሠራው፤ ስሚንቶ የድሮ ጡብ ይሰነጥቃል። መቃኑን በመጋዝ ቢቆርጠው በአሥር ደቂቃ ይገላገለው ነበር። አላደረገውም። ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲፈለቅቅ ውሎ ሳይሰበር አወጣው። «ከፈለግሽ ውሰጂው» አለኝ ፊቱን አዙሮ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። በውስጡ የሚታየው የግድግዳ ወረቀቴ ነው። እማዬ... ናፈቅሽኝ።

መስከረም 3

ዛሬ ለሕዝብ ተከፈተ። መኪናው ከበሩ እስከ ጫካው ተሰልፏል። ወጥ ቤቱን እንዳስጎበኝ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ የተሰጠኝ ጽሑፍ ስለ 1908ቱ ምድጃ ነው። ምድጃውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«እዚህ ጋ መስኮት ነበር። ሄልሚ የምትባል ሴት ናት የከፈተችው» አልኩ። ሎሬታ በሩ ላይ ቆማለች። አላስቆመችኝም። ብረቱን፣ ሦስቱን ቀን፣ መቃኑን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ምርኩዝ የያዘች አንዲት ሴት ቀረብ ብላ መዳፏን አዲሱ ጡብ ላይ አሳረፈች።

«ምን ነበር የምታይበት?»

«መንገዱን።»

«ማን ይመጣ ነበር?»

«ማንም።»

ወጥ ቤቱ ጢም ብሏል። ኮሪደሩም ሞልቷል፣ ውጭ ያሉት ተራ እየጠበቁ ነው፣ ከመንገዱ ገና የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ታዲያ ማንን ነበር የምትጠብቀው?» አለች።

«እናንተን መሰለኝ» አልኳት።