ያልሰጡት እሺታ

ሆሳዕና፣ ግንቦት 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ እማማ ብርቅዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤውን የምታነብልዎት ልጅዎ ጣቢታ ስለሆነች አስቀድሜ እሷን እለምናለሁ፦ ለእኔ አዝነሽ አንድም ቃል እንዳታለሳልሺ፤ እንዳለ ተርጉሚላቸው። ያንን ሥራ እኔ አንድ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።

የጤና ጣቢያው ቦታ የተመረጠበትን ስብሰባ መቼም አይረሱትም። የእርዳታ ድርጅቱ መሐንዲስ «ሕዝቡ ካልተስማማ አንድ ድንጋይ አላስቀምጥም። ዛሬ ካልሆነ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ፣ ወደ ሀደሮ ይሄዳል» አለ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የእርስዎን ጓሮ በጣቱ አሳየ። እርስዎም ተነስተው በሀዲይኛ፣ «ጤና ጣቢያው ይሠራ፤ እኔም ድንጋይ እሸከማለሁ። የጓሮዬ እንሰት ግን ተፍቆ ቆጮ ለመሆን አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ጎተራዬም እሱ ነው። እስከዚያ ታገሱኝ፤ አለዚያ በግጦሹ በኩል ሥሩት» አሉ።

እኔ ወደ መሐንዲሱ ዞሬ በአማርኛ፣ «በደስታ ሰጥቻለሁ ብለዋል» አልኩ።

ሊቀመንበሩን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሟች ባለቤቴ የሙሉ ነገር ነው። በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ስንወስዳት መንገድ ላይ ስትሞትብን ዓይኗን የከደኑት እርስዎ ነዎት። ጤና ጣቢያው ወደ ሀደሮ ሲሄድ ታየኝና አንድ ዓመት መታገስ አቃተኝ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመካከላቸው ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ስንት ሰው ነበር! አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እርስዎ ግን ጭብጨባው አንድ ዓመት የሰጠዎት መስሎዎት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው አመሰገኑን። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት መጥረቢያ ይዘን መጣን። እኔም አብሬ እንሰትዎን ቆርጫለሁ። እርስዎ አልጮሁም፤ «ፋንታሁን፣ ምን ብለህ ነገርካቸው?» ብቻ አሉኝ። እኔ ዞሬ መቁረጤን ቀጠልኩ። በወሩ ጣቢታ ወደ ዱራሜ ወሰደችዎት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አውቄ ያደረግኩት ነው።

አሁን ሕንፃው አልቋል። ጥሩ ሕንፃ ነው፤ ይሄን አልክድም። በሩ አጠገብ «በሕዝብ ፈቃድና ተሳትፎ የተሠራ» ተብሎ ተጽፏል። ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይመረቃል። የምረቃው ኮሚቴ ቦታውን የሰጡት እናት ንግግር ያድርጉ ብሎ ወስኗል፤ የሚያመጣዎትን መኪናም ይልካል። መሐንዲሱም፣ ሊቀመንበሩም፣ የአውራጃው ካድሬም ይገኛሉ። አስተርጓሚው አሁንም እኔው ነኝ።

ይምጡልኝ። ሊረግሙኝም ቢሆን ይምጡ። የሚሉትን ሁሉ አላሳጥርም፣ አላሳምርም። ከዚያ በኋላ ካድሬው የሚያደርገኝን ያድርገኝ።

ባይመጡም በስምዎ አላመሰግንም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እነሳና፣ በአማርኛም በሀዲይኛም፣ «እማማ ብርቅዬ እሺ አላሉም» እላለሁ።

የበደልዎት ልጅዎ፣
ፋንታሁን