ብቻውን ሲታይ የማያሰጋ ስንጥቅ

ለተከበሩ የሕንፃ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ከራስዎ በላይ ላለው ጣሪያ ጤንነትን እመኛለሁ። እኛ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደኅና ነን።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። የእኔንና የጎረቤቴን የልብስ ሰፊዋን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ሲሆን፣ ከላይ ግን ቢም የሚባለው አንድ የኮንክሪት አግዳሚ በሁለታችንም ቤት አልፎ ጣሪያውን ተሸክሟል። ይህ ቢም በርዝመቱ አቅጣጫ በእኔ በኩል አንድ፣ በእሷም በኩል አንድ ስንጥቅ አውጥቷል። ከእኔው ስንጥቅ ሥር የአማቴ አልጋ አለ። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ቢሮዎ በአንድ ማመልከቻ አንድ ስንጥቅ ብቻ የሚያስተናግድ በመሆኑ፣ ሁለት ባለሙያዎችን ለየብቻ ስለላኩልን እናመሰግናለን። የእኔው ባለሙያ የእኔን አይቶ «ብቻውን ሲታይ አያሰጋም» ብሎ ጻፈ፤ የእሷም የእሷን አይቶ ያንኑ ጻፈ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ችግሩ ስንጥቆቹ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። የእኔው ባለሙያ ግድግዳውን ተሻግሮ እንዲያይ ብለምነው የጎረቤት ስንጥቅ አይመለከተኝም ማለቱ፣ በሰው ጓዳ አለመግባትን ያስተማሩትን ወላጆቹን የሚያስመሰግን ነው።

፪. ባለቤቴ የምህንድስና መምህርት ናት። እንደምትለው ስንጥቅም እንደ ሰው የጎረቤቱ ነገር ይነካዋል። ጎን ለጎን የተደረደሩ ስንጥቆች አንዳንዴ ጫናውን ተካፍለው ይቃለላሉ፤ ጫፍ ለጫፍ ሲተያዩ ግን በመካከላቸው የቀረው ደኅና ኮንክሪት የሁለቱንም ጣጣ ይሸከማል፣ በተቀራረቡም ቁጥር ይብስበታል። የእኛዎቹ ጫፍ ለጫፍ ናቸው። ይህን ለቢሮዎ ብታስረዳ የተሰጣት መልስ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚል ነበር። እኛም ተረት አናጣም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ስንጥቅ ቢያብር ደግሞ ቢም ይጥል።

፫. ስንጥቆቹን በኖራ ስላስቀቡልን ውለታዎ የሚረሳ አይደለም። አሁን አይታዩም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ብቻውንም ሆነ ከጎረቤቱ ጋር ሲታይ አያሰጋም።

አማች ስለ አማቱ ሲጮህ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ቢሙ ቢወድቅ እኔው እገላገላለሁ ብለው የቀለዱ የቢሮዎ ሠራተኞች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ተሳስተዋል። አማቴን እወዳቸዋለሁ፣ በጣምም ፈርቼላቸዋለሁ። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ቀኑን ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ቢሙን ያያሉ፤ አልጋቸውን የምናዞርበት ቦታም ቤታችን ውስጥ የለም። ትናንት ኖራው ፊታቸው ላይ ሲረግፍ፣ ቢሮው ዱቄት ማደል ጀመረ ወይ ብለው ጠየቁን። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ያረጀ አባባል «ከተቃጠለ በኋላ በማመልከቻ» በሚል ስላዘመኑልን ደግሜ እያመሰገንኩ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት የኖራ ብናኝ ጋር፣
የአንዲት አማት አማች፣ የአንድ ስንጥቅ ባለንብረት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፈርሜ ሳላሽገው ልብስ ሰፊዋ እየጮኸች ጠራችኝ። ሁለቱ ስንጥቆች ከግድግዳው በላይ ተገናኝተዋል። እንግዲህ ያለን ስንጥቅ አንድ ስለሆነ፣ በመመሪያዎ መሠረት አንድ ማመልከቻ እንደሚበቃን በደስታ እገልጻለሁ። ደብዳቤው ሲደርስዎ አማቴም ከነአልጋቸው ቢሮዎ ይደርሳሉ። ባለፈው ስመጣ እንዳየሁት ከወንበርዎ በላይ ያለው ስንጥቅ አንድ ነው፤ ብቻውን ሲታይ ደግሞ አያሰጋም።