የአራት መቶ ሃያ ዶላር ሳጥን

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬም ሥራ ቦታ ተጣላሁ። በአንድ ካርቶን ጓንት። ውጪው «ሚዲየም» ይላል፣ ውስጡ ላርጅ ነው። ሱፐርቫይዘሩ «አንድ ካርቶን ነው፣ ልቀቀው» አለ። አልለቀቅኩም። አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ዌርሃውስ ውስጥ ጓንት እፈትሻለሁ፤ ከፈተሽኩ አይቀር ግን በትክክል ልፈትሽ።

ጋሼ ዘውዴ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳቀብኝ። «ዳኙ፣ አንተ እኮ ገነት ስትገባም በሩን ትለካዋለህ።» እዚያው ፎርክሊፍት ይነዳል። እዚህ ኦሃዮ፣ ካናል ዊንቸስተር ጎረቤቴ ነው፤ ስድስት ዓመት በእሱ መኪና አብረን ሄደናል። ከሌላው ሰው ሁሉ ተጣልቻለሁ። ከእሱ ግን አልቻልኩም፤ አይጣላም።

ከእራት በኋላ የሳጥኑን ማስታወቂያ ቪዲዮ እንደገና አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት በካርታና በሳንቲም ማጂክ ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም። ክብሪት የምታክል የናስ ሳጥን። ተመልካቹ የራሱን ሳንቲም ምልክት አድርጎበት ውስጧ ይከታል፣ ራሱ ይጨብጣታል። ሲከፍታት ባዶ። ሳንቲሙ ከፊቱ ካለው ሳህን ሥር ይገኛል።

አርባ ሁለተኛው ሴኮንድ ላይ ግን ቪዲዮው ተቆርጧል። ሌባ ሁላ።

ዋጋው አራት መቶ ሃያ ዶላር። ሳትከፍል አሠራሩን አይነግሩህም። እኔ ደግሞ ሳልከፍት የምቀበለው ዕቃ የለም። ታዲያ እንዴት ነው የሚገዛው?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

የማጂክ ክለባችን በወር አንዴ አፐር አርሊንግተን ይሰበሰባል። ዘጠኝ ጡረተኛና እኔ። ቶሚ ሳጥኑ አለው። የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አሁን ጣቶቹን ቁርጥማት ይዞበታል። በገዛበት ዋጋ ሊሸጠው ይፈልጋል።

«ውሰደው፣ አስር ቀን ሞክረው» አለኝ።

«ምስጢሩን ካወቅኩ በኋላ ብመልሰውስ?»

«አንተ አትናገርም።»

ምን አውቆ ነው የሚያምነኝ? ተናደድኩ። ወሰድኩት።

መኪና ውስጥ ከፈትኩት። አሃ... ለካ እንዲህ ነው። እዚህ አልጽፈውም። ሚስቴ ወሰንየለሽ ልታነበው ትችላለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ፈተሽኩት። ክዳኑ ሲዘጋ ትንሽ ይንቋቋል። ለአንድ ሴኮንድ ግራ እጅ ሥራ ይበዛበታል። ከሁሉ በላይ ግን ሳህኑ... ሳህን ማንም ያነሳዋል፣ ማረጋገጫ አይሆንም። በዚህ ሁሉ ጉድለት አራት መቶ ሃያ?

ወሰንየለሽ ላይ ሞከርኩት። ሚስቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ መድኃኒት የምታድል ሴት ናት፤ ዓይኗ እንክብል ሲጎድል ያያል። ሻይዋን እየጠጣች «ግራ እጅህ የት ሄዶ መጣ?» አለችኝ።

አይገዛም። ወይስ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

የቤት ኅብረቱ ተራ የእኛ ነበር። ጸሎት አልቆ ሻይ ቀረበ። ጋሼ ዘውዴን መረጥኩ።

አስቤበት ነው። ሳህን ደካማ ነው ብያለሁ። የጋሼ ዘውዴ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ዚፕ ያለው የቆዳ ሽፋን አለው። ዚፑ ዝግ ነው፣ ከጉልበቱም አይለይም። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የት ይገኛል?

ከኪሱ ባወጣው ኳርተር ሳንቲም ላይ «ዘ» ብሎ ጻፈ። ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው፣ ጨበጠው። ሲከፍተው ባዶ። «እስቲ መጽሐፍህን ክፈተው» አልኩት። ዚፑን ፈታ። ኳርተሩ መዝሙረ ዳዊት መሃል ተኝቷል። «ዘ»።

በሕይወቴ እንዲህ ንጹህ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ዘውዴ ሳንቲሙን አልነካውም። መጽሐፉን ገልብጦ ምንጣፉ ላይ አራገፈው። ገብቶ እጁን ታጠበ። ጃኬቱን ሳይወስድ ወጣ።

«መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ?» አለች ወሰንየለሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ቦታ አጣህ?»

«ዚፕ ስላለው እኮ ነው።»

የጋሼ ዘውዴን ጃኬት አንስታ ሰቀለችው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ረድፍ ተቀመጠ። ዛሬ ጠዋት አልመጣም። ቴክስት አደረገልኝ፦ «ወንድም ዳኛቸው፣ ያንን ነገር ከቤትህ አውጣ።»

ወንድም ዳኛቸው... ስድስት ዓመት ዳኙ ነበርኩ።

በራሴ መኪና ሄድኩ። የሚስቅብኝ ሰው እንኳ አጠገቤ የለም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ወሰንኩ። አይገዛም። ዋጋው ከሥራው ይበልጣል። ከሥራ በኋላ ሳጥኑን ለቶሚ መለስኩ። «ተናገርክ?» ብሎም አልጠየቀኝ።

እሮብ፣ ኦክቶበር 15

ምሳ ሰዓት ጋሼ ዘውዴን ፓርኪንግ ውስጥ አገኘሁት። መኪናው ውስጥ ብቻውን ይበላል።

«አወጣኸው?»

«አዎ፣ ለባለቤቱ መለስኩት።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «ባለቤቱ ማነው?»

«ቶሚ የሚባል የጥርስ ሐኪም።»

አልሳቀም። ቆይቶ ግባ አለኝ። ገባሁ። መሪውን እያየ አወራኝ። ልጅ ሳለ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሆለታ። አባቱ ጠንቋይ ቤት ወሰዱት። ጠንቋዩ የአባትየውን ስሙኒ ክዳን ባለው ሳህን ከተተ፣ ከደነ፣ ከፈተ። የለም። «ልጁን ፈትሹት» አለ። ስሙኒው የዘውዴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። መንፈሱ ይኼን ልጅ መርጦታል፣ ካልተቤዠ ይወስደዋል ተባለ። አባትየው አንድ በሬ ሰጡ።

«ጌታን ሳገኝ ለቀቀኝ ብዬ ነበር» አለ። «ቅዳሜ ዕለት ግን... ዳኙ፣ ኦሃዮ ድረስ ተከትሎኝ ነው የመጣው? ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»



«ሳንቲሙ እንዴት ነው መጽሐፌ ውስጥ የገባው? ይኼን ብቻ ንገረኝ።»

«መናገር አልችልም። ምስጢር ነው።»

«እሱም እንዲህ ነበር ያለው» አለ። ምሳ ዕቃውን ዘጋ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ቀኑን ሙሉ ስሌት ሳደርግ ዋልኩ። ብነግረው የቶሚን ዕቃ ሰረቅኩ። ባልነግረው ያ የሆለታ ጠንቋይና እኔ ምን ለየን? የእኔማ ይባስ፣ ዚፕ ነበረው።

ኮል አደረግኩለት፣ ለቶሚ። «ለአንድ ሰው ልናገር ነው» አልኩት። ምክንያቱን አስረዳሁት። ሳል አለና «ሳጥኑ የራስህ ከሆነ በራስህ ኅሊና ነው። በእኔ ሳጥን ግን አይሆንም» አለ።

ልክ ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ሄጄ ቼክ ጻፍኩለት። አራት መቶ ሃያ። ሰው ምስጢር የሚገዛው ሊደብቀው ነው። እኔ ለመናገር ገዛሁ። ዋጋው ተገቢ ነው? አይደለም፣ ማክሰኞ ጽፌዋለሁ።

ለወሰንየለሽ ስነግራት «ሶፋው ይቀየር ስል ያጣኸው ገንዘብ ነው?» አለችኝ። ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ጋሼ ዘውዴ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መጋረጃ ተከፍቶ። ሳጥኑን ፈታትቼ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ በሩቁ አየው። ከዚያ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ ተነስቶ የሰዓት ሠሪ ማጉያውን አመጣ፤ አገር ቤት ሃያ ዓመት ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እጄ የት እንደሚሄድ ቀስ ብዬ አሳየሁት። ሰባት ጊዜ አስደገመኝ።

«ስሙኒውን ታዲያ... ራሱ ነው ኪሴ የከተተው?»

«ራሱ ነው።»

«ስገባ ራሴን ዳብሶኝ፣ ኮሌታዬን አስተካክሎልኝ ነበር።»

«ያኔ ነው።»

ፊቱ ቀላ። እሱን ተናዶ አይቼው አላውቅም። «በሬያችን እኮ ነው» አለ። «ዳኙ፣ ዳለቻው በሬ። ያን ዓመት ተበድረን ነው ያረስነው።» ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቀ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኩት።

«ርካሽ ነው። አባቴ በሬ ከፍሎ አሠራሩን እንኳ አላሳዩትም።»

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ጠዋት በራፍ ላይ ክላክስ አደረገ። ገና ቀበቶ ሳላስር «ክዳኑ ይንቋቋል፣ ዘይት ያስፈልገዋል። የአንተም አውራ ጣት ይቸኩላል» አለኝ። መንገዱን ሙሉ አረመኝ። የሚገርመው፣ አልተናደድኩም። ትክክል ነው፣ ይቸኩላል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ጋሼ ዘውዴ ሆለታ በቪዲዮ ሊደውል ጠራኝ። ለታላቅ እህቱ ለእትዬ አይናለም፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሬው ሲነዳ በር ላይ ቆማ ያየች። ስልኩን እንድይዝ ሰጠኝ። ከኋላዋ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጎረቤቶች... እስከ አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

ሳጥኑን አበድሬው ሲለማመድ ሰንብቷል፤ ሠራው። እጁ ከእኔ ይሻላል፤ ምን አደርጋለሁ፣ ልጻፈው እንጂ። ሳንቲሙ ሲጠፋ እትዬ አይናለም አማተበች። ልጆቹ ጮኹ።

«ቆዩ» አለና ሳጥኑን መፍታት ጀመረ። ሊያሳያቸው ነው፣ ለሁሉም። ለቶሚ አንድ ሰው ነው ያልኩት። አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁ።

እትዬ አይናለም አየችው፣ አየችው። «ዘውዴ፣ እኔ እኮ ያኔም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» ነጠላዋን አስተካከለች። «የዚያ ሰውዬ ልጆች እኮ እዚሁ ናቸው፣ ወፍጮ ቤት አላቸው። ሄጄ በሬውን ልጠይቃቸው?»

ጋሼ ዘውዴ ሳቁ አላናግረው አለ። ከወዲያ አንዱ ልጅ አላየሁም ብሎ ያለቅሳል። «ድገመው» አለች እትዬ አይናለም፤ «ኋላ ያሉት አልታያቸውም።»

ስልኩን አስጠጋሁ። ወደ ብርሃኑ ዞር በል አልኩት። ስልኩ እንዳይንቀሳቀስ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ።