ቬስፓህን ለመሸጥ የፈረምኩት

አዋሽ ሰባት ኪሎ
የካቲት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህን የሚያምህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም አለ? እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከዚህ ቀጥዬ “ካንተ ናፍቆት በስተቀር” ማለት ነበረብኝ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የናፍቆቱን ነገር ኋላ እነግርሃለሁና ለጊዜው እለፈኝ።

ጽሕፈቱን አይተህ “ማንን አስጽፋ ይሆን?” ሳትል አትቀርም። ማንንም አላስጻፍኩም። ስትሄድ ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል ሴት ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከባቡሩ መጋዘን ጥላ ሥር ከአሮጊቶች ጋር ተደርድሬ ሀ ሁ ቆጠርኩ፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጥቶኛል። ላንተ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። የሚያደርስልህ የባቡሩ ትኬት ቆራጭ ሱሩር ነው። ካልሲው ውስጥ አድርጎ ድንበሩን ሊያሳልፈው ምሎልኛል። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። ቢያዝ የምታሰረው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሳላዞር ልንገርህ፤ ቬስፓህን ሸጥኩት።

ተቆጣህ? ተቆጣ፣ መብትህ ነው። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ አጠገብ አንሶላ ለብሶ ሲቆም አቧራውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ በቀበሌ ስብሰባ ከአብዮቱ የሸሹ ሰዎች ንብረት ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገባል ተባለ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲናገር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ሞተር መንዳት እየተለማመደ ነው የሚባል ወሬም ነበር። እሱ በአንተ ቬስፓ በደጄ ሲያልፍ ከማይ ብሸጠው ይሻለኛል አልኩ።

ገዢውን ያገኘልኝ ይልቃል ነው። የአሰብ መንገድ ሾፌር ነው፣ ሻይ ቤቴ ሳይቀመጥ አያልፍም። ሎጊያ ላይ ሱቅ ያለው ሙሐመድሰዒድ የሚባል የወረባቦ ሰው አለ አለኝ። መኪና ተገልብጦበት እግሩ ተሰብሯል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፣ ሞተር ይፈልጋል አለኝ። ሰውየው እስከዚህ መምጣት ስለማይችል በይልቃል እጅ ወረቀት እየላከ ይጠይቀኝ ጀመር። ሲመታ ይነሳል ወይ? ፍሬኑ ይይዛል ወይ? ሻጭ ዕቃውን ማሞገሱ ያለ ነው። እኔ ግን ሳያይ የሚገዛ ሰው ከእኔ አፍ ሌላ ምን ዓይን አለው ብዬ ሁሉንም ጻፍኩለት። የኋላ ጎማው ልሟል፣ ክላክሱ አይጮህም፣ ወንበሩን አይጥ በልቶታል፣ ሰባት ዓመት አልተነሳም አልኩት። እሱም “እንግዲያው አስነሺውና ንገሪኝ” ብሎ መለሰ።

ጓደኛህ ካሣ ከባቡሩ ጋራዥ ሲወጣ እየመጣ ሦስት ቀን ለፋበት። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ። እኔንማ በሩ ላይ አቁሞ ይህን ያዢ፣ ያንን አቀብዪ እያለ ሲያሾረኝ ዋለ። በዘጠነኛው ርግጫ ተነሳ። ድምፁ ያው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ “መጣ እንዴ? መጣ እንዴ?” አለ። ሌላውን ምን አማለሁ፣ እኔ ራሴ ካሣን እያየሁት፣ በድምፁ ብቻ፣ እጄ ሻሼን ሊያስተካክል ሄዶ ያዝኩት። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። ሊብሬው ባንተ ስም ነው። ለማዛወር ቀበሌ ብሄድ ጸሐፊው ባለቤቱ መጥቶ ይፈርም አለኝ። ጅቡቲ ነው ብል ሸሽቷል ተብሎ ይወረሳል። የት እንዳለ አላውቅም ብልም ያው ነው። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የሞተ ሰው ግን አይሸሽም” አለኝ።

እንግዲህ ይቅር በለኝ፤ ገደልኩህ። ካሣና ሁለት የባቡር ሰዎች፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከሚኤሶ ወዲያ በውሃ ጥም ሲሞት አይተናል፣ እዚያው ቀብረነዋል ብለው መሰከሩ። ሁለቱ ቁርዓን መቱ። ካሣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማለ። እኔም “ባለቤቴ መሞቱን አረጋግጣለሁ” ብዬ በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩ። መጻፍ ተምሬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ሆነ።

ሞኝነቴን ልንገርህ። የቀበሌ ወረቀት ከቀበሌ ሳጥን የሚወጣ አልመሰለኝም። ጸሐፊው የባቡር ሠራተኞቹ እድርም ጸሐፊ መሆኑን አውቃለሁ፣ ማን የማያውቅ አለ! ግን በዚያች ሰዓት ከነአካቴው ከአእምሮዬ ወጣ። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በጡቴ ሸጉጬ፣ መንገድ ላይ ሽንኩርት ገዝቼ ቤቴ ስደርስ፣ ደጄ ላይ የእድሩ ድንኳን ምሰሶ እየተተከለ ነበር። አግዳሚው ተደርድሯል። ሴቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እሪ አሉ። ምን ልበል? ውሸት ነው፣ ለሞተር ብዬ ነው ልበል? ሽንኩርቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ሼህ ጣሃ በዐስር ሰላት ጊዜ መጥተው በሌለህበት ሰገዱብህ። ከዚያ እኔን አስጠርተው የዒዳውን ነገር አነሱ። ዒዳ ከሞተበት ቀን ይቆጠራል የሚሉ ዓሊሞች አሉ፣ ያንቺ ዜና የደረሰው ግን ዛሬ ነው፣ ያለቀስሽውም ዛሬ ነው፣ ለጥንቃቄ ከዛሬ ቁጠሪ አሉኝ። አራት ወር ከዐሥር ቀን። ሽቶ የለም፣ ኩል የለም፣ ያለ ጉዳይ ከቤት መውጣት የለም። አንተ እዚያ በሰላም ዓሣህን ትበላለህ፣ እኔ እዚህ ኩሌን አራግፌ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩልህ። አልሳቅክም? እኔም አልሳቅኩም።

ስለዚህ ቬስፓህ ሲጫን መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁትም። ይልቃል መኪናውን በሬ ድረስ አመጣው። ካሣ ቤንዚኑን ቀዳው፣ ስፖኪዮዎቹን ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ሌላውን ገላውን በጆንያ አልብሶ አሰረው። እኔ በመስኮት ሆኜ “በጎኑ አታጋድሙት፣ ዘይቱ ይፈሳል!” እያልኩ ስጮህ ለቀስተኞቹ ሴቶች የባሏ ነገር አንጀቷን በላው ብለው አብረውኝ ያለቅሳሉ። አራት ወንድ ተሸክሞት ሲወጣ፣ ነጭ ጆንያ ለብሶ፣ ከእህሉ ከረጢት ላይ ሲያቆሙትና ሸራውን ሲያለብሱት፣ የዚያን ቀን ለቅሶዬ የእውነቴን ነበር። አንተ ስትሄድ አልተሸኘህም። በጠዋት ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር። መሸኘት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁት።

የባሰው ገና አለ። እናትህ መጣች። ወሬ ባቲ ለመድረስ ስልክ አይፈልግም፣ የአፋር ዳጉ ከአፍ አፍ ተቀባብሎ ከይልቃል መኪና ይፈጥናል። በአምስተኛው ቀን ነጠላዋን አገልድማ ከጭነት መኪና ስትወርድ አየኋት። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌላውን ሁሉ መዋሸት ቻልኩ፣ እሷን አልቻልኩም። በመጣች በሦስተኛው ቀን ለዙህር ውዱእ ስታደርግ ውሃ እያፈሰስኩላት በጆሮዋ ነገርኳት። በሕይወት አለ፣ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፣ ሱሩር በዓይኑ አይቶታል አልኳት።

እጇን ከውሃው ሥር አላነሳችም። “መቼ ነው ያየው?” አለችኝ። ሁለት ዓመት ሆነው አልኳት። “ላንቺ ላከ?” አዎ አልኩ። “ለእኔስ?” አለችኝ። ውሃውን እግሯ ላይ አፈሰስኩ። እሷም እግሯን ታጥባ ጨረሰችና እንዲህ አለችኝ፤ “ሰባት ዓመት በር በር እያየሁ ኖርኩ። አሁን ተቀምጬ እንዳለቅስ ሰው ፈቀደልኝ። አትከልክይኝ ልጄ።” ሰግዳ ተነሳችና ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እንደ በፊቱ አለቀሰች። በሳምንቷ ተመለሰች። የዘንድሮን ድርቅ ሳትሰማ አትቀርም፣ እዚሁ ሁኚ ብላት እምቢ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

ከሎጊያ ደግሞ የሙሐመድሰዒድ ደብዳቤ መጣ። ዕቃው በሰላም ደርሷል፣ አንዱ ስፖኪዮ ተሰንጥቋል፣ እሱም የመንገዱ ነው እንጂ ያንቺ ጥፋት አይደለም ይላል። “ሌላው ሁሉ እንደ ቃልሽ ነው፣ አንድም የደበቅሽኝ ነገር የለም” ብሎ ጻፈልኝ። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። እኔ፣ የማልደብቅ ሰው!

ዒዳ ላይ መሆኔን ከይልቃል ሲሰማ ለሰደቃ ብሎ ቴምር ላከ። ከዚያ በየጊዜው ስለ ሞተሩ ይጽፍልኛል። ዛሬ ሰርዶ ድረስ ሄድኩበት፣ ዛሬ አሸዋ ላይ ጣለኝ፣ የአፋር ልጆች እየተሯሯጡ አነሱኝ ይላል። እኔም የት ላይ እንደሚያስቸግር እጽፍለታለሁ። ባለፈው ወር ግን ቤቱ ሰፊ መሆኑን፣ ሎጊያ ትምህርት ቤት መኖሩን ጻፈ። ከዚያ አላለፈም። ዒዳ ላይ ያለች ሴት በግልጽ እንደማትጠየቅ ያውቃል። ለሼህ ጣሃ ግን ሽማግሌ ልኮላቸዋል። ዒዳዬ ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ በማግስቱ ሊመጡ ነው።

አልዋሽህም። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ደብዳቤው ሲዘገይ ግን መንገዱን አያለሁ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። አንተ በሕይወት እያለህ፣ ሳትፈታኝ፣ ሌላ ባል ባገባ ዝሙት ነው። ለሼህ ጣሃ ልናዘዝ ብል ካሣና ሁለቱ ሰዎች በሐሰት ምስክርነት ወህኒ ይወርዳሉ፣ እኔም ልጄን ትቼ እገባለሁ። ዝም ብዬ ባገባ ሰው ይመርቀኛል፣ አላህ ግን ያየኛል። መላው ባንተ አፍ ነው። ሱሩር ፊት ለፊትህ ቆሞ እያለ ፈትቻታለሁ በል። ወረቀት አልፈልግም፣ ወረቀት አስጠልቶኛል። ብሏል ካለኝ ሽማግሌዎቹን ምክንያት ፈልጌ አቆይና የፍቺውን ዒዳ ደግሞ እንደገና እቆጥራለሁ። መቀመጥ ለምጃለሁ። አላለም ካለኝ እምቢ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነም ማንም አያውቅልኝም። ሻይ እየቀዳሁ አረጃለሁ።

ልምጣ ወይም ነይ ትለኝ እንደሆነ ብዬም አስቤ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሱሩር ለሀጂራ የላክህላትን ቀሚስ ሲያመጣልኝ ዘረጋሁት። ያምራል፣ ቢጫ ነው። ልጅህ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ቀሚሱ ግን ገና ለምትድህ ልጅ የሚሆን ነው። አንዷን ፊትህ አቁመህ ካልለካህ በቀር እንደዚያ አይሳሳትም ሰው። ሱሩርን ብጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም። አንተንም አልጠይቅህም። ናፍቆቴን ግን ከዚያ ወዲያ ለማን እንደምለው ጠፍቶኝ ቆየሁ። ድንኳኑ ሲተከል ነው የወጣልኝ።

የቀረኝ የሀጂራ ነገር ነው። ስምንት ዓመት ሞላት። ጥርሷ ወልቆ በቅሏል፣ ያንተን ግንባር ይዛለች። ቁርዓን ቤት አስገብቻታለሁ። ከሰላት በኋላ እጇን ዘርግታ “ያ አላህ አባቴን ጀነት አስገባው” ስትል እሰማታለሁ። ባለፈው ጁምዓ ጸጉሯን ስሠራት “አባቴ ውሃ ጠምቶት ሲሞት እኔን ጠርቶ ነበር?” አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አለ ብላት ቀጥላ የምትጠይቀኝ ለምን አልመጣም ብላ ነው። እሱን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ስለዚህ አዎ፣ ስምሽን ሁለት ጊዜ ጠርቷል አልኳት። ደስ አላት። ተነስታ ለጓደኞቿ ልትነግር ሮጠች።

እንደዚያው ሁንላት፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ አሳድጋታለሁ። አላህ ሥራህን ያቃናልህ፣ ጉልበትህን ይማርልህ፣ ቤትህን ከነልጆችህ ይጠብቅልህ። በድዬህ እንደሆነ ዐውፍ በለኝ፣ እኔም ለአላህ ብዬ ዐውፍ ብዬሃለሁ።

የሀጂራ እናት