በጎን የተሣለ ፊት፦ የመምህር ወንዳወቅ ጓንጉል የሕይወት ታሪክ

መምህር ወንዳወቅ ጓንጉል ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል አጥናፉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ገብረ አምላክ በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአምደወርቅ ተከታትለዋል። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን እናታቸው ሲያርፉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ በሕይወታቸው አንድም ቀን ፎቶግራፍ አልተነሡም። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ የኖሩትን ሃያ አራት ዓመት ያን ፊት ሳይረሱት በወረቀት ለማኖር ደክመዋል።

ጦርነቱ ትምህርታቸውን ቢያቋርጠውም በ1984 ዓ.ም. በሰቆጣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሰሃላ ተመደቡ። ጥር 1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ አምሳለ ቅጣው ጋር ተጋብተው ሶስናንና ፋንታሁንን አፈሩ። በኋላም ወደ ሰቆጣ ተዛውረው እስከ መጨረሻው አስተማሩ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ለሥልጠና ደሴ ሄደው ሳለ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ሰውን ስለመሣል የሚያስተምሩ ሦስት መጻሕፍት አገኙ። አንዱ የተዋቡ ፊቶች በቀለም የታተሙበት ነው። ሁለተኛው በክብና በእንቁላል ቅርጽ ሰው መሣልን በዐሥር ቀን አስተምራለሁ ይላል። ሦስተኛው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የሰውን አጥንትና ጡንቻ የሚያሳይ የሕክምና መጽሐፍ ነው። አቅማቸው ለአንዱ ብቻ ነበርና ሁለት ቀን ተመላልሰው ሲያገላብጡ ሻጩ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ቆመው ሊጨርሱት ነው እንዴ?» አላቸው።

ባለቀለሙን ገዙ፤ ተሳሳቱም። ዓመት ሙሉ ከዚያ ላይ ፊት ሲቀዱ ከርመው እናታቸውን ለመሣል ቢቀመጡ የማያውቋት ሴት ወጣች። «እናቴን ፈረንጅ አደረግኋት!» ብለው ሳቁ፤ የዚያን ቀን ግን ምሳ አልበሉም። በተከታዩ ክረምት እዚያው ሻጭ ዘንድ ተመልሰው በሕክምናው መጽሐፍ ለወጡት።

ባለቤታቸው ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታያት። ራቁት ገላ ያለበት መጽሐፍ ከሥራም ከማኅበርም የሚያስወጣቸው መስሏት ከጎታው ኋላ ደበቀችው። እሳቸው ግን የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ጻድቅ ጠበል ሊረጩ በመጡ ቀን ራሳቸው አውጥተው አሳዩ። አባ የእጅን አጥንቶች አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ፤ ከዚያ የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩና፣ «ለካ ይህን ሁሉ ይዘን ነው የምናማትበው!» አሉ። መጽሐፉ ከዚያ ቀን ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ዋለ።

መጻሕፍቱ ሁሉ የሚያስተምሩት ከፊት የተቀመጠን ሰው መሣል ነው። እሳቸው ደግሞ የሚፈልጓቸው እናት ከፊታቸው የሉም። ስለዚህ የራሳቸውን ዘዴ አወጡ። በገበያ ቀን አንድ ሰው መርጠው ያያሉ፤ እርሳስ አያወጡም። ቤት ገብተው መጀመሪያ አጥንቱን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ በመጨረሻ ቆዳውን ከአእምሯቸው ይሥላሉ። በሳምንቱ ያንኑ ሰው ፈልገው ደብተራቸውን ከፊቱ ጋር ያስተያያሉ፤ የሳቱትንም እንደ ተማሪ ፈተና በቀይ ያርማሉ። የአንድ ጨው ነጋዴ ጆሮ ሦስት ሳምንት አመላልሷቸዋል።

የእናታቸውን አገጭ ፍለጋ የእናታቸውን ታናሽ እህት ወይዘሮ ደብሬን በጎን እንዲቀመጡላቸው ለመኑ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነውና አክስታቸው ተቆጡ። «በአንድ ዓይን ልታስቀረኝ? ይሁዳ መሰልሁህ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡ።

ችግሩ፣ መምህር ወንዳወቅ እናታቸውን የሚያስታውሱት በጎን ብቻ መሆኑ ነበር። እናት ጥጥ ሲፈትሉ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጠው ያጠኑ ነበርና። ፊት ለፊት ለመሣል ዓመታት ሞከሩ፤ አልሆነም። በ1998 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በጎን ሣሏቸው፦ አንገት ደፋ ያሉ፣ እንዝርት የያዙ፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታይ። ባለቤታቸው አይታ፣ «አደራህን፣ እሜቴ ደብሬ እንዳያዩት። ይረግሙሃል» አለች።

በፋሲካ ወይዘሮ ደብሬ ከደሃና መጡ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነበር። አምሳለ እርግማኑን ጠበቀች። አሮጊቷ በከዘራቸው ተደግፈው፣ ታላቅ ሲገባ እንደሚነሡት ብድግ አሉ። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና፣ «እታለም፣ መጣሽ?» አሉ። ቆሙ፤ ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው፣ «ተዉኝ፤ እሷ እንደሆነች ክሩን ሳትጨርስ ቀና አትልም» አሉን። በዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

መምህር ወንዳወቅ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ገበያተኛውን ሁሉ ሲሥሉ የራሳቸውን ፊት አልሣሉም። ያም ፊት እንደ እናታቸው እንዳይጠፋ ባለቤታቸው ስትሠጋ፣ ልጃቸው ሶስና ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች፤ ከአጥንቱ ጀመረች። በዚህ ወረቀት ፊት ገጽ ላይ ያለው ሥዕል የእርሷ ነው። በአንድ ዓይን በማየታችሁ አትደንግጡ፤ ሌላው ዓይናቸው ደብተራቸው ላይ ነው።

እኔ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አክስታቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር እዚህ ቆመን እንሸኛቸዋለን። አጥንትን ከአጥንት ያጋጠመ አምላክ ነፍሳቸውን ፊት ለፊት ይቀበላት። አሜን።