ለሁለት የተባለች ክፍል

ታኅሣሥ 20፣ 2001

ዛሬም ቅንጬ። የሻረግ ፊቷን አዞረች። "ቂርቆስ አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረን ስንተኛ ይሄን ማን ሰጥቶሽ ነው?" አልኳት። ሳቀች... ሳሏ ግን አላስጨረሳትም።

ካዛንቺስ እዚህ ማገገሚያ ቤት ከገባን ሁለት ወራችን። ሁለታችንም ቲቢ። ነርሷ ሲስተር ሜቲ፣ "ስድስት ወር ኪኒናችሁን ሳታቋርጡ ከዋጣችሁ ላንቻ ክፍል ይሰጣችኋል፤ ለሁለታችሁ" አለች። በር ያላት ክፍል! የሻረግ በሩን አረንጓዴ ካልቀባሁ ብላለች።

ጥር 3

አየኋት። ሲስተር ዞር ስትል ኪኒኑን ከምላሷ ሥር አውጥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ቋጠሮው እንቁላል አክሏል። ከመቼ ጀምሮ?

"ጠበል እየጠጣሁ ነው። ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድማ። ለማንም እንዳትናገሪ... ቂርቆስን በይ!"

"ቂርቆስን" አልኩ። ምን ነካኝ? ብናገር ያስወጧታል ብዬ ነው... ክፍሏም ትቀርብናለች ብዬ።

ጥር 15

የቂርቆስ ንግሥ። ሄዳ ልትሳለም ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። "ሊለቀኝ ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገኝ" አለች። ደግፌ ወደ አልጋዋ መለስኳት።

ጥር 24

ደም ተፋች። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ለሲስተር ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "ምነው ያኔ ብትነግሪኝ" አለች ብቻ። የሻረግን አምቡላንስ ወሰዳት። ዞር ብላም አላየችኝ።

የካቲት 19

ቀበርናት። እድር የላት፣ ዘመድ የላት... ስድስት ሰው ነበርን። ፍትሐቱን ያደረሱላት የቂርቆሱ አባ ወልደአማኑኤል ናቸው። ሰው ሲበተን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠበሉን፣ ቋጠሮውን፣ መሐላዬን።

"ምነው ልጄ፣ አንዳችሁ እንኳ ብትጠይቁኝ? ኪኒኑን በጠበሉ ዋጪው እላት ነበር እኮ።"

በጠበሉ... ይሄን ያህል ቀላል ነበር? እኔ ነኝ የገደልኳት?

የካቲት 20

አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ አነጠፉ። ቅንጬውን በላሁ።

ሚያዝያ 28

ዳንኩ። ላንቻ ነኝ። በሩን አረንጓዴ ቀባሁት፤ ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሏል።

በሁለተኛው አልጋ ሳምራ የምትባል ልጅ ገብታለች። ኪኒኗን ገና አልጨረሰችም፤ አልጋው ባዶ ስለሆነ ቀድመው ሰጧት፤ ስትውጥ እንዳያት ሲስተር አደራ ብላኛለች። ዛሬ ጠዋት ውኃዋን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"አፍሽን ክፈቺ" አልኳት።

"ኧረ በቃ ዋጥኩት! አታምኚኝም እንዴ?"

"ምላስሽን አንሺ።"