የቆርቆሮው ሳጥን

ጥቅምት 3 ቀን 1999
አልማዝ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ሽንኩርት ተራ ስለ እኔ የሚወራው ግን ሌላ ነው አሉ... ፋናዬ ከኮንጎ አልማዝ ይመጣላታል፣ በሳጥን ቆልፋ ቤቷ ታሳድራለች። ሳጥኑ እውነት ነው። ውስጡ ያለው ከናይሮቢ በጅምላ የሚመጣ አርቴፊሻል ጌጥ ነው። ይህንንም ለገዢው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት እነግራለሁ። ፈርጡ ላይ ተንፍሼ አሳያለሁ፤ እውነተኛ አልማዝ ላይ ትንፋሽ ወዲያው ይጠፋል፣ የእኔው ላይ ጥቂት ይቆያል።
የምቆልፈው አቧራ እንዳያደበዝዘው ነው። ሚሽን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ዕቃ ሜዳ ላይ አያሳድርም።
ዛሬ ሁለት ጥንድ ጉትቻ ሸጥኩ። ደመና አለ።

ጥቅምት 5
የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ሱቅ መጡ። ቀለበቶቹን አላዩም፤ ሳጥኑን ነው ያዩት። አንደኛው፣ ማማ፣ ቤትሽ በየት በኩል ነው አለኝ። ለምን ጠየቀ? ማታ የቤቴን በር ከዘጋሁ በኋላ አግዳሚ እንጨት አስደገፍኩበት።

ጥቅምት 6
የወሬው ምንጭ ታወቀ። ጃልደሳ ነው፣ የጭነት መኪና ረዳቱ። ባለፈው ወር ለእጮኛው ለጃለቱ ከእኔ ቀለበት ገዝቷል። አርቴፊሻል መሆኑን ነግሬዋለሁ። ሳቀ። እነ ጃለቱ ቤት ሄዶ ግን አልማዝ ነው ብሏል፣ ከፋናዬ ሳጥን የወጣ።
ጠርቼ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፋ። ጃለቱን ያሳደጓት አጎቷ፣ ረዳት ምን አለውና ልጄን እሰጠዋለሁ ብለው ነበር። እሱም አፉ ያመጣለትን ተናገረ።
“ማማ፣ አንድ ቃል ከተናገሩ ሠርጉ ቀረ።”
ዝም ብል ደግሞ እኔ...? ለብቻዬ ነው የማድረው።

ጥቅምት 8
ጠዋት የጓሮ በር ማጠፊያ ተፈልቅቆ አገኘሁት። አልገቡም። ገና ይመለሳሉ ማለት ነው?

ጥቅምት 9

ጃለቱ መጣች። እንዴት እንደምጀምር ስጨነቅ ቀለበቱን አውልቃ ተነፈሰችበት። ጠበቅን። ጉሙ ቆየ።
“አኮ፣” አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ “ለገዢ ስታሳዪ አይቼሻለሁ። በሰጠኝ ቀን ነው ያወቅሁት።”
ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ራሱ እስኪነግራት ስትጠብቅ ነበር። ቀለበቱንም ወደደችው፣ ያምራል አለች። ያምራል፤ ጥሩ ዕቃ ነው የሸጥኩለት።
ወደ ጓሮ ወስጄ የተፈለቀቀውን ማጠፊያ አሳየኋት፤ ስለ ሁለቱ ሰዎችም ነገርኳት። በጣቷ ነካችው።
“ነገ አጎቴን ይዤ እመጣለሁ። ሱቅሽ ደጅ፣ ሰው እየሰማ፣ እኔው እናገራለሁ።”
“ሠርጉስ?”
“ከቀረም ይቅር። በእኛ ውሸት አንቺ አትታረጂም።”
ሄደች። ለጃልደሳም ዛሬውኑ ትነግረዋለች። አጎቷ ከከለከሏትስ? ካልመጣችስ? እነዚያ ሰዎች ቀድመው ቢመጡስ... ብትመጣም ባትመጣም እኔ የማደርገውን አውቄያለሁ።
ነገ መጀመሪያ፦ ሳጥኑን ደጅ አውጥቼ ክዳኑን እከፍታለሁ። ቁልፉን አልይዝም። ጥጡን አንስቼ ቀለበቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፤ አቧራ ይልበስ። ካርቶን ላይ በአማርኛና በስዋሂሊ፣ አልማዝ አይደለም ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ለጃለቱና ለአጎቷ ሁለቱን ወንበሮቼን አወጣለሁ። ሦስተኛ ከጎረቤት እዋሳለሁ፣ ጃልደሳ ከመጣ።